ዓላማውን በወረቀት የሚጽፍ ማኅበር

ማዲሰን በሁለት ሐይቆች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የአሜሪካው የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት መዲና ስትሆን፣ ሐይቆቿ ሜንዶታና ሞኖና ይባላሉ። እናቱ እንስራ አዝላ ቁልቁለቱን ስትወርድ አቀበቱን ስትወጣ እያየ ላደገ የላስታ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ውሃ መጀመሪያ ያስደንቃል፤ ቀጥሎ ያስቀናል። ወደ ገና ግድም ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ብርዱ ይበረታና ሜንዶታ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ይሆናል። ሰዉ በላዩ ይሄድበታል። ሽማግሌዎች መቀመጫቸውን ይዘው መሐል ሐይቅ ድረስ ይገቡና በረዶውን በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ። በውሃ ላይ መራመድን ከቅዱስ ጴጥሮስ ታሪክ ውጭ ሰምቼ አላውቅምና፣ አንዲት ልጅ ብስክሌቷን እየነዳች ሐይቁን ስታቋርጥ ሳይ ከቆምኩበት መንቀሳቀስ አቃተኝ።

እኔ የብልባላ ልጅ ነኝ። ለማታውቋት ልንገራችሁ፤ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከአለት የተፈለፈሉት ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ጨርቆስ የእሷ ናቸው። ጊዮርጊስ ግድግዳው ውስጥ ንብ አለበት፤ ማሩን ሕዝቡ ለበረከትና ለፈውስ ይቀምሰዋል። የቅዳሴን ዜማና የንብን ድምፅ አንድ ላይ እየሰማ ላደገ ሰው፣ ሃይማኖት እዚህ፣ ኑሮ እዚያ ብሎ መክፈል አይሆንለትም። እዚህ አገር ግን ገና ከመግባታችሁ የምትማሩት ይህንኑ መክፈል ነው። እሑድ የራሳችሁ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የላብራቶሪው ነው። እኔ የመጣሁት ስለ አፈር መሸርሸር ሦስተኛ ዲግሪ ልሠራ ነው። የዛሬው ወጌ ግን ስለ አፈር ሳይሆን፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስለሚሰበሰቡ የድኅረ ምረቃ ክርስቲያን ተማሪዎች ነው። ያንን የሰኞና የእሑድ ግድግዳ ለማፍረስ የተነሡ ሰዎች ናቸው።

ወደ ስብሰባው ከመግባታችን በፊት አብረን ኮረብታውን እንውጣ። ባስኮም ይሉታል፤ የዩኒቨርሲቲው እምብርት ነው። የአሸተን ማርያምን ተራራ የወጣ የላስታ ሰው ይህንን ወሬውን ሳያቋርጥ ይጨርሰዋል። ከላይ የአብርሃም ሊንከን ሐውልት ተቀምጧል። ከጀርባው ባለው ሕንፃ በር አጠገብ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ሳይፈራና ሳያቋርጥ እውነትን እንዲያበጥርና እንዲነፋ የሚያሳስብ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። አነበብኩና አባቴ ፊቴ ድቅን አለ። ነፋስ እስኪነሣ አውድማው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲነሣ በመንሽና በላይዳ ገብሱን ወደ ሰማይ ይበትነዋል፤ ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል። አሜሪካኖቹ ስለ ምርምር ሊናገሩ ፈልገው የአባቴን ሥራ መረጡ!

ታሪኩን ስጠይቅ ደግሞ ይብሱን ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1894 ሪቻርድ ኢሊ የተባለ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የሠራተኞችን አድማ ይደግፋል፣ አደገኛ ሐሳብ ያስተምራል ተብሎ ተከሰሰ። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ ነፃ አደረገው። ያን ጊዜ ቦርዱ ባወጣው መግለጫ ውስጥ ያለውን ቃል የ1910 ተመራቂዎች በነሐስ አስቀረጹት፤ በ1915 እዚህ ግድግዳ ላይ ወጣ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የያዘኝ ግን ኢሊ ራሱ ማን እንደነበር ነው። በእ.ኤ.አ. 1885 የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ማኅበርን ከመሠረቱት ምሁራን አንዱ የነበረው ይህ ሰው፣ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። ወንጌል በሠራተኛው ደመወዝና በድሃው ጎጆም ያገባዋል ብለው ከጻፉት የዘመኑ አሜሪካውያን መካከል ስሙ ከፊት ይጠራል። የምርምር ነፃነት አርማ የሆነው ሰሌዳ፣ እምነቱን ከሙያው ባልነጠለ ሰው ምክንያት የተጻፈ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ማታ የምንሰበሰበው ከዚህ ኮረብታ ግርጌ ነው።

የምንሰበሰበው ደግሞ በራሱ በዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ውስጥ፣ በተማሪዎች መዝናኛ ማዕከል ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆኑን አትርሱ። እኛ ጋ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ ግቢ ጉባኤ የሚባለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደብተራቸውን ይዘው ከካምፓስ ይወጡና በአቅራቢያው ወዳለው ደብር አዳራሽ ይሄዳሉ። የባሕር ዳር ወይም የጎንደር ሰው ይህን ሰልፍ ከዩኒቨርሲቲው በር ሲወጣ ያላየ የለም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ መንግሥትንና ሃይማኖትን የለየች አገር ናት። ታዲያ ይህ ክፍል እንዴት ተፈቀደ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ፍርድ ቤት የተገኘ ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ተማሪዎች አዳራሽ ተከልክለው ከሰሱ፤ በእ.ኤ.አ. 1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። ዩኒቨርሲቲው ክፍሎቹን ለተማሪ ማኅበራት ሁሉ ከከፈተ፣ የሃይማኖት ማኅበር ስለሆነ ብቻ በር ሊዘጋበት አይችልም። ስለዚህ በእኛ ግድግዳ ወዲያ የቼዝ ክበብ ይጫወታል፤ በወዲህ እኛ መዝሙር እንዘምራለን። አንዳንዴ የእነሱ ሳቅ በጸሎታችን መሐል ይገባል። ማንም አይቆጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ኅብረቱ ሌላ ነገር ሁሉ ትቶ ዓላማውን ይጽፋል። ግድግዳው ላይ አንሶላ የሚያህል ነጭ ወረቀት ይለጠፋል። ሰብሳቢዋ ማርከር ይዛ ትቆምና፣ ያለነው ለምንድን ነው? ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ሆነን መገኘት እንፈልጋለን? ብላ ትጠይቃለች። ቪዥን ይሉታል፣ ራእይ መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ ራእይ ለዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት የታየ ነገር ነው፤ በማርከር ሲጻፍ ማየት አዲስ ነው። በአገራችን የጽዋ ማኅበር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። በወር በወሩ በ23 ጊዮርጊስ ይዘከራል፤ ተረኛው ጠላውን ይጠምቃል፣ ዳቦውን ይደፋል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ሥርዓቱን ያስከብራል፤ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ማኅበሩ ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ ቢነሣ ሽማግሌዎቹ ልጁ አሞታል ወይ ይላሉ። ጊዮርጊስ ራሱ መልስ ነው፤ አያት ያቆመውን የልጅ ልጅ ይጠጣዋል።

እዚህ ግን ማኅበርተኛው በየዓመቱ ይለዋወጣል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራው በሁለት ዓመት ይሄዳል፤ ሦስተኛ ዲግሪ የሚሠራው አምስትና ስድስት ዓመት ቆይቶ እሱም ይሄዳል። የሚያወርስ አያት የለም። ስለዚህ ወረቀቱ የአያት ቦታ ይዟል። ይህን ስረዳ ነው ለማርከሩ አክብሮት ያደረብኝ።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍሩት ነገሮች ከየትም የመጡ አይደሉም። ኢንተርቫርሲቲ የሚባል፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1941 የተቋቋመና ዋና ቢሮው እዚሁ ማዲሰን የሚገኝ የተማሪዎች አገልግሎት አለ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለመምህራን የተለየ ክፍል አለው። የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ ብትስቡት እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ትደርሳላችሁ፤ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። የድኅረ ምረቃው ክፍል አራት ነገሮችን ይዟል። በጸሎትና በቃሉ ማደግ፣ እንደ ቤተሰብ መኖር፣ መመስከርና ማገልገል፤ አራተኛው እምነትን ከትምህርትና ከሙያ ጋር ማዋሐድ ነው። በሦስቱ ላይ የእኛም አገር ልጆች ከማንም አያንሱም። አራተኛውን ግን ልብ በሉልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቤተሰብነቱ። ዓላማው በተጻፈበት ማታ አንድ ናይጄሪያዊ ወንድም ምስክርነት ከሁሉ ይቅደም ብሎ ተነሣ፤ ድምፁ ጉባኤ የለመደ ነው። አንዲት የኮሪያ እኅት ደግሞ በዝግታ እጇን አወጣችና፣ በዚህ ሳምንት ከመምህሬ በቀር ስሜን የጠራ ሰው የለም አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከ26 አገሮች 2,279 ሰዎችን፣ በአብዛኛው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በስድስት እጥፍ ለድብርትና ለጭንቀት እንደሚጋለጡ ጽፏል። አገር ቤት ሳለሁ ይህን ባነብ፣ ምግቡ ተሟልቶለት፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚማር ሰው ምን ያስጨንቀዋል እል ነበር። እዚህ ስኖር ገባኝ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በዶርም በጅምላ ይኖራል፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይፈተናል፣ አብሮ ይመረቃል። የድኅረ ምረቃው ተማሪ ለብቻው አንድ ጥያቄ ይዞ፣ አንድ ማሽን ፊት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ጥያቄውን በዓለም ላይ ከእሱ ሌላ የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ከሆኑ ደግሞ አስቡት።

ስለዚህ ኅብረቱ በስብሰባ ብቻ አያበቃም። አራት አምስት ሆነው በየሳምንቱ በአንዱ ቤት ይገናኛሉ። ስሞል ግሩፕ ይባላል፤ ትንሽ ቡድን ማለት ነው፤ የጽዋ ማኅበር ያለ ጽዋ በሉት። በወር አንድ ቀን ደግሞ ፖትላክ አለ፤ ሁሉም ከየቤቱ ያበሰለውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚደረድርበት ማዕድ ነው። የአንዱ ምግብ ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። የኮሪያ ጎመን ከናይጄሪያ ሩዝ አጠገብ፣ ከእሱ ቀጥሎ አይብ የተጋገረበት ድንች። አይቡ ነው የእኔ ፈተና። ጾመ ነቢያት ላይ በሄድኩ ጊዜ ከሁሉም ሳህን አይብ ብቅ ይላል። ሰብሳቢዋ ሳህኔን አየችና ጠየቀችኝ። የነቢያትን ጾም፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን አስረዳኋት፤ በዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቀን የጾም መሆኑን ስትሰማ አፏን ያዘች። በቀጣዩ ወር ማዕዱ ዳር ላይ የእኔ ስም የተጻፈበት የምስር ወጥ ተቀምጦ አገኘሁ። ያለ ቅቤ፣ በዘይት። ቅመሙ የእኛ አልነበረም፤ በልቼ ግን እናቴ ባየች ብዬ ተመኘሁ።

በዚያው ማዕድ ሌላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከበላን በኋላ ሳህኑን ያጠቡት ፀጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰር ናቸው። ተማሪዎቹ በባዶ ስማቸው ይጠሯቸዋል። እኔ ይህ አልሆነልኝም። የኔታ ሲገቡ ብድግ ብሎ፣ ጉልበት ስሞ ያደገ ሰው ሽማግሌን በባዶ ስም ሲጠራ ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ ፕሮፌሰር እያልኩ እጠራቸዋለሁ። እሳቸውም ለምደውታል። መምህራኑ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሆነው መምጣታቸው የኅብረቱ ምሰሶ ነው። ሃያ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ ዛሬም የሚጸልይ ሰው ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብሎ ማየት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በልዩነታችን ላይ ደግሞ አልሸፋፍንም። ኅብረቱ በአብዛኛው የፕሮቴስታንት ልጆች ነው። በጊታር ይዘምራሉ፣ ተቀምጠው ይጸልያሉ፣ ጫማ አያወልቁም። እኔ ቆሜ እጸልያለሁ፤ ለቅዳሴ ቺካጎ ድረስ እሄዳለሁ፤ በቁርባን ነገር አንገናኝም፤ ይህንን ከመጀመሪያው ነግሬያቸው አክብረውልኛል። የከረመ የእምነት ልዩነት በአንድ ማዕድ አይፈታም፤ ሊፈታም ይችላል ብዬ አልመጣሁም። የገረመኝ ግን ከማላስበው አቅጣጫ ዘመድ ማግኘቴ ነው። አንዲት ከኬራላ፣ ከደቡብ ሕንድ የመጣች ተማሪ ከየት እንደሆንኩ ስነግራት ዓይኗ በራ። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጅ ናት፤ በእምነት እኅታችን። ስለ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ አነሣችልኝ። በኋላ የአብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ከሆኑት አንዱ የነበሩት እኒህ አባት፣ ገና ወጣት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመምህርነት ኢትዮጵያ መጥተው፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሠርተዋል። እሳቸውን ጨምሮ የሕንድ መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ስንቱን እንዳስተማሩ አባቶቻችን ያውቁታል። ከብልባላ የመጣ ልጅና ከኬራላ የመጣች ልጅ በበረዶ አገር ስለ አንድ እምነት ሲጫወቱ ማዲሰን ለትንሽ ጊዜ ትሞቃለች።

ገና ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። አሜሪካኖቹ በዲሴምበር 25 አክብረው ጨርሰዋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄደው ካምፓሱ ጭር ብሏል፤ የቀሩት ላብራቶሪውን ትተው መሄድ የማይችሉት የድኅረ ምረቃ ሰዎች ናቸው። የእኛ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ያን ሰሞን አገር ቤት ኔትወርክ ተቋርጦ የእናቴን ድምፅ ካልሰማሁ ሰንብቼ ነበር። ለትንሽ ቡድናችን ይህን ብቻ ነገርኩ። በበዓሉ ዋዜማ በሬ ተንኳኳ፤ የኮሪያዋ እኅትና ናይጄሪያዊው ወንድም ዳቦ ይዘው ቆመዋል። በስልኬ ላይ የነበረውን የላሊበላ ቪዲዮ አሳየኋቸው፦ በቤተ ማርያም ቅጥር ከላይ የቆሙት ካህናትና ከታች ያሉት እየተቀባበሉ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከአለቱ ጫፍ እስከ ጫፍ። ሁለቱም ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ናይጄሪያዊው ተነሥቶ ስለ ላስታ ሕዝብ ጸለየ። ላሊበላ የሚለውን ስም በትክክል ጠራው፤ በጸሎት መሐል ስሙ ሲሳሳት እግዚአብሔር ፊት እንዳያፍር አስቀድሞ ተለማምዶት መጥቶ ነበር።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ። ኅብረቱ በየስብሰባው መጀመሪያ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይሰጣል። ምን ታጠናለህ? የምታጠናው ነገር ከምታምነው ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህን ብቻ መመለስ ነው። ቀላል ይመስላል። ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎች እዚህ ላይ ላብ ሲያጠምቃቸው አይቻለሁ። አንዱ ስለ ካንሰር ሴል፣ ሌላዋ ስለ ድሮ ሕጎች ሲናገሩ ጥናታቸውን እንደ ውሃ ያፈሱታል፤ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰባት ዓመት የተማሩትን ነገር ከሚጸልዩት ጸሎት ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው አያውቁማ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ተናገርኩ። የላስታ ተራራ እንዴት እንደተራቆተ፣ ጎርፉ አፈራችንን እየጠረገ ተከዜ እንደሚከት፣ በዚያ ሁሉ መካከል ግን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የከበበው የጽድ ደን እስከ ዛሬ መቆሙን ነገርኳቸው። ዛፉን ያቆየው አጥር ሳይሆን የደብሩ ክብር ነው። ከዚያ ስለ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ አነሣሁ። እናንተ በእመጓ መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ያወቅኳቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ኔዘርላንድስ በሚገኘው የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ በሠሩት የቤተ ክርስቲያን ደን ጥናት ነው። ደብሩን ከነደኑ፣ ካህናቱን ከነሥርዓታቸው ይዘው የደን ሳይንስ ጻፉ፤ ዛሬ በዚያ ርዕስ የሚጽፍ የውጭ ተመራማሪ ሳይጠቅሳቸው አያልፍም። አምስቱ ደቂቃ ወደ አርባ ሄደ። ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ ጠየቁኝ፤ በአገርህ ያሉ የድኅረ ምረቃ ክርስቲያን ተማሪዎች እንዲህ ባለው ነገር ላይ ተሰብስበው ይነጋገራሉ?

መልሱን እያሰብኩ በበረዶው መሐል ሄጄ ቤቴ ገባሁ።

በአገራችን የተማሪዎች መንፈሳዊ ማኅበር ታሪክ ትንሽ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሃይማኖተ አበው የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ በላከ ጊዜ፣ በዚያ በረሃ ተሰብስበው የጸለዩ ወጣቶች ከማኅበረ ቅዱሳን መሥራቾች መካከል ይገኛሉ፤ ማኅበሩ በ1984 ዓ.ም. ተመሠረተ። ግቢ ጉባኤያቱ ስንቱን የገበሬ ልጅ ከነእምነቱ አስመርቀው ሸኙ! እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። በወንጌላውያኑም በኩል ኢቫሱ የሚባለው የተማሪዎችና የምሩቃን ኅብረት በየካምፓሱ አለ። ነገር ግን እኔ በኖርኩባቸው ግቢዎች ሁሉ ያየሁት፣ ሥርዓቱ በሙሉ የተሰፋው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ልክ ነው። በምረቃ ዋዜማ መስቀል ይሰጣል፣ አደራ ይባላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ሂድ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ሊሠራ የተመለሰው ሰው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሚስት አለው፣ ሥራ አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ይማራል። ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ? ይከብደዋል። ከደብሩ ሰንበቴ ጋር ይቀመጥ? እዚያ ደግሞ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ የሚያወራው የለም። በመሐል ይቀራል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ዛሬ በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ። ነገ ወንዛችንን የሚገድበው፣ ሕጋችንን የሚጽፈው፣ ልጆቻችንን የሚያስተምረው እዚያ የተቀመጠው ሰው ነው። በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ላይ ብቻውን ትተነዋል።

ይህ ደግሞ ለእኛ ለወሎ ሰዎች በተለይ ሊያንገበግበን ይገባል። ጎረቤታችን ዋድላ የቅኔ ምንጭ ናት። የአብነት ተማሪ ንባብና ዜማውን ጨርሶ፣ ቅኔ ቤት ከርሞ፣ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን አንድምታውን እያወረደ ይማራል። ያ ከየትኛውም ድኅረ ምረቃ የማያንስ ትምህርት ነው። እዚያ ቤት ሊቅነትና ጸሎት ተለያይተው አያውቁም፤ ሌሊት ማኅሌት የቆመው ሰው ነው ጠዋት ወንበር ዘርግቶ የሚተረጉመው። ይምርሐነ ክርስቶስም ንጉሥም ቄስም ነበር። አሜሪካኖቹ በማርከር ወረቀት ላይ የሚፈልጉትን ነገር እኛ ከአለት ፈልፍለን አቁመነው ነበር። ዘመናዊውን ዩኒቨርሲቲ ስንቀበል ግን የሰኞና የእሑዱን ግድግዳ አብረን ተቀበልን።

ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ በቀጣዩ ሐሙስ የመለስኩላቸውን ለእናንተም እላለሁ፤ ገና አልጀመርነውም፤ መጀመር ግን እንችላለን። ገንዘብ አይጠይቅም። ሕንፃም አይጠይቅም፤ ከካምፓሱ በር ማዶ ያለው ደብር አዳራሽ አለው። ጉባኤውን የሚመራ ሰባኪ እንኳ ከሌለ የሚያምን አንድ መምህር ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ጠይቃችሁ እስክታዩ የለም አትበሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠራቸው አጥተው ነው ዝም ያሉት። የማኅበረ ቅዱሳን የግቢ ጉባኤ አስተባባሪዎችም፣ የኢቫሱ አገልጋዮችም፣ በየበኩላችሁ ለዚህ ሰው አንድ ምሽት ለዩለት። ስብከቱን አሳጥሩና አምስት ደቂቃውን ስጡት። የሚማረው የውሃ ምሕንድስና ይሁን የሒሳብ አያያዝ፣ ከእምነቱ ጋር አገናኝቶ ይናገር፤ መጀመሪያ ቢንተባተብ ታገሡት።

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በወሎና በወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሌላ ሰው እስኪጀምርላችሁ አትጠብቁ። በዚህ ጥቅምት አራት ሆናችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ለምን እንደተሰበሰባችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም ገጹን አስረክቡት።